የልጄን ቡድን ደረጃ ስከታተል የተማርኩት

የምኖረው በሜሪላንድ ግዛት፣ በሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። ትልቋ ልጄ በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አራት ዓመት ቅርጫት ኳስ ተጫውታ ባለፈው ዓመት ተመረቀች፤ ታናሿ ደግሞ በመጪው ኅዳር ለመጀመሪያ ጊዜ ለቡድን ምርጫ ትቀርባለች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ሻይ ስንጠጣ፣ ሴት ልጆቻቸው መጫወት የጀመሩ ወላጆች ስልካቸውን አውጥተው «ቡድናችን ከግዛቱ 61ኛ ነው ይላል፤ ይህ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» እያሉ ይጠይቁኛል። ጥያቄው እኔም ለሁለት ዓመት ያህል እንቅልፍ ያጣሁበት ስለሆነ በቆምኩበት የምሰጠው መልስ አጥግቦኝ አያውቅም፤ ስለዚህ ያየሁትን፣ የተሳሳትኩትንና በኋላ ጠይቄ የተረዳሁትን በጽሑፍ ላስቀምጠው አሰብኩ።

ያደግሁት አዲስ አበባ ነው። በሰፈራችን ወወክማ ሜዳ ቅርጫት ኳስ የምንጫወተው ወንዶቹ ነበርን፤ እህቶቼ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የሚጠብቃቸው የቤት ውስጥ ሥራ ስለነበር ኳስ የነኩት በስፖርት ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው። እዚህ አገርም ቢሆን ነገሩ ከጥንት ጀምሮ የተመቻቸ አልነበረም። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1891 በማሳቹሴትስ ስፕሪንግፊልድ በተፈጠረ በዓመቱ ሴቶች መጫወት ቢጀምሩም፣ በትምህርት ቤቶች የፆታ አድልዎን የሚከለክለው ታይትል ናይን የሚባለው ሕግ በ1972 ሲወጣ በመላ አገሪቱ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስፖርት የሚሳተፉ ሴት ልጆች ከ300,000 ያነሱ ነበሩ፤ ዛሬ ከ3 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ይህን የማነሣው ልጄ የምትለብሰው መለያ፣ የምትሳፈርበት አውቶቡስና የምትለማመድበት ጂም ትምህርት ቤቱ በችሮታ የሰጣት ሳይሆን በሕግ የሚገባት መሆኑን ዘግይቼ ስላወቅሁ ነው። የወንዶቹ ቡድን ሁልጊዜ በቀን እየተለማመደ የሴቶቹ ሁልጊዜ ወደ ማታ የሚገፋ ከሆነ፣ ወላጅ ምክንያቱን በአክብሮት መጠየቅ ይችላል፤ ጠያቂው ስደተኛ መሆኑ መብቱን አይቀንስበትም።

ልጄ በዘጠነኛ ክፍል ለምርጫ ስትቀርብ እኔ የገዛሁላት ኳስ የወንዶች ነበር። የሴቶች ኳስ ዙሪያው 28.5 ኢንች፣ የወንዶቹ 29.5 ኢንች መሆኑን አላውቅም ነበር፤ እርሷም ገንዘብ አውጥቼ የገዛሁትን ላለማስቀየም ብላ በዚያው በትልቁ ኳስ በጋውን ሙሉ በሰፈራችን ሜዳ ስትለማመድ ከረመች። የሦስት ነጥብ ኳስ ስትወረውር እጇን ከትከሻዋ ዝቅ አድርጋ የመግፋት ልማድ ያመጣችው ከዚያ ይመስለኛል፤ አሰልጣኟ ያንን ለማረም አንድ ዓመት ፈጀባቸው። በመጀመሪያው ዓመት የተመደበችው በጄቪ ነው፤ ጄቪ ማለት ከዋናው ከቫርሲቲ ቡድን በታች ያለው ሲሆን፣ ብዙ የእኛ ወላጆች እንደ ውድቀት ቢቆጥሩትም በእኔ አስተያየት ለዘጠነኛ ክፍል ልጅ በቫርሲቲ ወንበር ላይ ከመቀመጥ በጄቪ ሜዳውን መሮጥ እጅግ ይሻላል።

በሁለተኛው ዓመት ቫርሲቲ ገባች፤ እኔም ደረጃ የሚባለውን ነገር ያገኘሁት ያን ጊዜ ነው። የምሠራው ዋሽንግተን መሀል ከተማ በሚገኝ ፓርኪንግ ነው፤ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ጋራዡን ከፍቼ መኪኖች እስኪመጡ ባለችው ጥቂት ደቂቃ የሁለተኛ ደረጃ ቡድኖችን ውጤትና ደረጃ የሚያወጣውን የማክስፕሬፕስን ድረ ገጽ ከፍቼ የቡድናችንን ቁጥር ማየት የዕለት ተግባሬ ሆነ። በታኅሣሥ 61ኛ ነበርን፤ በጥር 38ኛ ደረስን። ቁጥሩ አንድ ሲሻሻል ለባለቤቴ እደውላለሁ፣ ለሥራ ባልደረቦቼ አሳያለሁ፣ እሑድ በአዳራሹ «የኔ ልጅ ቡድን ከግዛቱ 38ኛ ገባ» እላለሁ። ልጄ በዚያ ሳምንት የሒሳብ ፈተና እንዳለባትና ቁርጭምጭሚቷን እንደሚያማት ግን አላውቅም ነበር።

ከዚያ በደረጃ ከእኛ በ50 ገደማ ዝቅ ካለ ቡድን ጋር ተጋጠምንና በ14 ነጥብ ተሸነፍን። ወደ ቤት ስንመለስ በመኪና ውስጥ «እንዴት በእነዚህ ትሸነፋላችሁ? 90ኛ እኮ ናቸው!» አልኳት። መልስ አልሰጠችኝም። ደጃፋችን ደርሰን ሞተሩን ሳጠፋ ብቻ «አባዬ፣ ከእንግዲህ ስንተኛ እንደሆንን አታንሣብኝ፤ ከቻልክ ደግሞ ዓርብ አትምጣ» አለችኝና ቦርሳዋን ይዛ ገባች። እኔ በመኪናው ውስጥ ብዙ ቆየሁ። በአራት ዓመት ውስጥ የሠራሁት ትልቁ ስሕተት ይህ ነው፤ ዛሬም ሳስበው ያመኛል። በኋላ እንደሰማሁት ኳስ አቀባበላችንን የምትመራው ፖይንት ጋርዳችን ያን ቀን ታማ አልተጫወተችም፤ የተጋጣሚዎቻችን ዋና ተጫዋች ደግሞ ለአንድ ወር ተጎድታ ቆይታ የተመለሰችው በዚያው ሳምንት ነበር። ከዚህም በላይ የዚያ ቡድን ሦስት ድሎች በገጹ ላይ ገና አልተመዘገቡም ነበር።

በዚህ ምክንያት ነበር ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ በትዕግሥት መጠየቅ የጀመርኩት፤ ወላጅ ሁሉ ቢያውቀው የምለውን እዚህ ላይ በዝርዝር አስቀምጣለሁ። ደረጃዎች በጠቅላላው ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ሰዎች ተነጋግረው የሚያወጡት ነው፤ ለምሳሌ አንድ ጋዜጣ የአካባቢውን ጠንካራ ቡድኖች ሲደረድር፣ ወይም ኢኤስፒኤን በአገር አቀፍ ደረጃ 25 ቡድኖችን ሲያወጣ፣ ዝርዝሩን የሚሠሩት ጨዋታ የሚመለከቱና ከአሰልጣኞች ጋር የሚነጋገሩ ጋዜጠኞች ናቸው። ሁለተኛው በኮምፒውተር የሚሰላው ነው። በዚህኛው አንድ ቡድን ስንት ጊዜ እንዳሸነፈ ብቻ ሳይሆን ያሸነፈው ማንን እንደሆነ፣ ያ የተሸነፈው ደግሞ በተራው ማንን እንዳሸነፈ እየተያያዘ ይቆጠራል። ስለዚህ ጠንካራ ቡድንን ማሸነፍ ብዙ ከፍ ያደርጋል፤ በጠንካራ ቡድን መሸነፍ እምብዛም አይጎዳም፤ ደካማን ደጋግሞ ማሸነፍ ግን የሚጨምረው ጥቂት ነው። ቡድናችሁ ሳይጫወት እንኳ ቁጥሩ ከፍና ዝቅ የሚለው ለዚህ ነው፤ ባለፈው ወር ያሸነፋችሁት ቡድን ትናንት ማታ ሌላ ትልቅ ቡድን ካሸነፈ የእናንተም ይነሣል።

ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ግን የተመዘገበለትን ውጤት ብቻ ነው። ውጤቱን የሚያስገቡት በአብዛኛው የየትምህርት ቤቱ አሰልጣኞች ወይም ረዳቶቻቸው ናቸው፤ አንዱ በዚያው ማታ ያስገባል፣ ሌላው ሳምንት ይቆያል፣ ሌላው ጭራሽ ይረሳል። ማን እንደታመመች፣ ማን ፈተና ስለነበረባት ልምምድ እንዳመለጣት፣ የትኛው ቡድን በታኅሣሥ አዲስ የመከላከል ስልት እየተማረ ስለነበር እንደተሸነፈና በየካቲት ስልቱ እንደያዘለት በቁጥሩ ውስጥ የለም። በተለይ በወቅቱ መጀመሪያ፣ እያንዳንዱ ቡድን አራት ወይም አምስት ጨዋታ ብቻ ባደረገበት ጊዜ፣ የሚወጣውን ደረጃ አለመመልከት ይሻላል፤ አንድ ጨዋታ ብቻ ሠላሳ ደረጃ ሊያንቀሳቅሰው ይችላል።

ሌላው ለመረዳት ጊዜ የወሰደብኝ ነገር የመንግሥትና የግል ትምህርት ቤቶች በአንድ ዝርዝር ውስጥ መቀመጣቸው ነው። እኛ የምንኖርበት የዋሽንግተን አካባቢ በሴት ልጆች ቅርጫት ኳስ ከመላው አገሪቱ ጠንካራ ከሚባሉት አንዱ ነው። ሲድዌል ፍሬንድስ የተባለው የዋሽንግተን የግል ትምህርት ቤት ኪኪ ራይስ የተባለችውን ተጫዋች ይዞ በ2022 ዓመቱን ያለ ሽንፈት ጨርሶ ከአገሪቱ አንደኛ ተብሏል። በዋሽንግተን የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ሊግ የሚጫወቱት እነ ሴንት ጆንስ፣ ቢሾፕ ማክናማራና ፖል ስድስተኛም ስማቸው ከአገር አቀፉ ዝርዝር አይጠፋም። እነዚህ ትምህርት ቤቶች ከሩቅ ሰፈርና ከሌላ ካውንቲ ተጫዋች መቀበል ይችላሉ፤ በታኅሣሥም እስከ አሪዞና ድረስ ሄደው ከሌሎች ግዛቶች ምርጥ ቡድኖች ጋር በትልልቅ ውድድሮች ይጋጠማሉ። የእኛ የሰፈር ትምህርት ቤት ግን የሚጫወተው በአቅራቢያው በሚኖሩ ልጆች ነው፤ አብዛኛውን ጨዋታውንም የሚያደርገው እዚያው ካውንቲ ውስጥ ስለሆነ፣ ሁሉንም ቢያሸንፍ እንኳ ቁጥሩ ከተወሰነ ቦታ በላይ ከፍ አይልም። 38ኛነታችን ከግል ትምህርት ቤቶቹ ጋር ተደባልቆ የመጣ መሆኑን ባውቅ ኖሮ፣ አሰልጣኟ በዚያ ዓመት ምን ያህል እንደሠሩ ይገባኝ ነበር።

ለቡድናችን በእርግጥ የሚቆጠረው ውድድር ደግሞ ከእነዚህ ደረጃዎች ጋር አይገናኝም። የሜሪላንድ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በተማሪ ብዛታቸው 4ኤ፣ 3ኤ፣ 2ኤና 1ኤ ተብለው ይከፈላሉ፤ በየካቲት መጨረሻ በሚጀመረው የማጣሪያ ውድድር ሁሉም ቡድን ይገባል፤ ድልድሉም የሚወጣው በሜዳ ላይ በተገኘ ውጤት ነው። ዓመቱን ሁሉ ሲሸነፍ የከረመ ቡድን እንኳ ያን ሳምንት ካሸነፈ ወደሚቀጥለው ዙር ያልፋል፤ የመጨረሻዎቹ ጨዋታዎችም በቅርብ ዓመታት በኮሌጅ ፓርክ በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኤክስፊኒቲ ሴንተር ይደረጋሉ። ልጃችሁን ስለ ቁጥር ማነጋገር ካለባችሁ፣ ቢያንስ ቡድኗ በክልሉ (በግዛቱ ውስጥ ባለው የማጣሪያ አካባቢ) ድልድል ውስጥ የት እንዳለ ጠይቋት፤ ልጆቹ ራሳቸው በልብሳቸው መቀየሪያ ክፍል የሚያወሩት እርሱን ነው።

የቡድን ደረጃ ሲበቃ የተጫዋች ደረጃ ይመጣል፤ ይኼኛው የበለጠ ያሳስበኛል። ኮከብ እየተሰጣቸው ከአንድ እስከ መቶ የሚደረደሩ ልጆች አሉ፤ በየዓመቱ ለማክዶናልድስ ኦል አሜሪካን ጨዋታ የሚመረጡት ሴት ልጆች ከመላው አገሪቱ 24 ብቻ ናቸው። በዚህ ዝርዝር ውስጥ መግባት ትልቅ ነገር ነው፤ ዝርዝሩ ግን የማይነግረን ብዙ ነው። በዚሁ በዋሽንግተን ለሴንት ጆንስ የተጫወተችው አዚ ፈድ በ2019 የጌቶሬድ የአገሪቱ ምርጥ ተጫዋች ተብላ ስትመረጥ ገና የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ ይህን ሽልማት በዚያ ዕድሜዋ ያገኘች ከእርሷ በፊት አልነበረችም። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ የጉልበቷ ጅማት ተበጠሰ። ዩኮን (የኮነቲከት ዩኒቨርሲቲ) ከገባች በኋላም በ2023 እንደገና ተበጥሶባት ዓመቱን አጣች፤ በ2025 ቡድኗ የኮሌጆችን ዋንጫ ሲወስድ የመጨረሻው ውድድር ምርጥ ተጫዋች የተባለችው እርሷ ናት። በእነዚያ የማገገሚያ ወራት እርሷን ያቆማት አንደኛ ተብላ መመረጧ ይመስላችኋል? እኔ አይመስለኝም።

ስለ ስኮላርሺፕም በግልጽ ልናገር። በሁለተኛ ደረጃ ቅርጫት ኳስ ከሚጫወቱ መቶ ሴት ልጆች የኮሌጅ ስፖርትን በሚያስተዳድረው በኤንሲኤኤ ሥር ባሉት ኮሌጆች የመጫወት ዕድል የሚያገኙት አራት ወይም አምስት ያህል ናቸው፤ ወደ አንደኛው ምድብ (ዲቪዥን 1) የምትደርሰው ደግሞ ከመቶ አንድ ገደማ ናት። የሦስተኛው ምድብ ኮሌጆች በስፖርት ስም ስኮላርሺፕ አይሰጡም፤ አይቪ ሊግ የሚባሉት እነ ሃርቫርድና ኮሎምቢያም እንዲሁ፤ የሚሰጡት በቤተሰብ ገቢ ላይ የተመሠረተ እርዳታ ነው፤ የሦስተኛው ምድብ ኮሌጆች ደግሞ በትምህርት ውጤት ላይ የተመሠረተ እርዳታም ይሰጣሉ። ይህን ስሰማ በመጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር፤ ሳስበው ግን እንደኛ ላለ ቤተሰብ መልካም ዜና ነው፤ ምክንያቱም የልጅቷ የትምህርት ውጤት ከቅርጫት ኳሷ ይልቅ ብዙ በር ይከፍታል ማለት ነው።

በዚህ ላይ የምመክረው፣ ልጃችሁ በኮሌጅ የመጫወት ሐሳብ ካላት ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አማካሪዋን እንድታነጋግሩ ነው። አንደኛው ምድብ 16 መሠረታዊ ኮርሶችን ይፈልጋል፤ ከእነዚህ 10ሩ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳይጀመር ማለቅ አለባቸው፤ በእነዚያም ኮርሶች አማካይ ውጤቷ ቢያንስ 2.3 መሆን አለበት። ከአገር ቤት በቅርቡ የመጡ ልጆች ያላቸው ችግር፣ አንዳንድ ለእንግሊዝኛ ጀማሪዎች የሚሰጡ ትምህርቶች ለዚህ ላይቆጠሩ መቻላቸው ነው፤ የትኛው እንደሚቆጠር ለየትምህርት ቤቱ በኤንሲኤኤ የጸደቀ ዝርዝር ስላለ አማካሪዋ ሊያሳዩዋችሁ ይገባል። በካውንቲያችን ለመጫወት ራሱ በየሩብ ዓመቱ 2.0 አማካይ ውጤትና ከአንድ ያልበለጠ ውድቀት ይጠየቃል፤ አንዲት የልጄ ጓደኛ በጥር ሪፖርቷ ሁለት ትምህርት ስለወደቀች የቀረውን ወቅት ከመቀመጫው ሆና ነው የተመለከተችው።

ደረጃን ማሳደድ ገንዘብም ያስከፍላል፤ እኔም ከፍያለሁ። ልጄ አሥረኛ ክፍል ስትጨርስ በፀደይና በበጋ ወራት ከትምህርት ቤት ውጭ በሚጫወት አንድ የኤኤዩ (የአማተር አትሌቲክስ ኅብረት) ቡድን ተመዘገበች። ቡድኑን የሚመሩት ሰው «የኮሌጅ አሰልጣኞች ሁሉ ያዩዋታል፤ በዝርዝሩ ውስጥ ስሟ ይገባል» ብለውኝ ነበር፤ 1,800 ዶላር ከፈልኩ፤ ሆቴልና ነዳጅ ለብቻው ነው። በቡድኑ ውስጥ 15 ልጆች ስለነበሩ ልጄ በአንድ ጨዋታ የምታገኘው ስድስትና ሰባት ደቂቃ ነበር፤ በአንዱ ቅዳሜና እሑድ እስከ ፔንስልቬንያ ነድተን አራት ጨዋታ ተመልክተን ሁለት ቅርጫት አግብታ ተመለሰች። ጥሩ የኤኤዩ ቡድኖች መኖራቸውን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት በቡድኑ ስንት ልጆች እንዳሉ፣ ልምምዱን የሚመራው ማን እንደሆነ፣ የሚሄዱባቸው ውድድሮች የኮሌጅ አሰልጣኞች እንዲገኙባቸው በኤንሲኤኤ የተፈቀዱ መሆን አለመሆናቸውን፣ ልጃችሁ ብትጎዳ ገንዘቡ ይመለስ እንደሆነ ጠይቁ። ገንዘብ እየተቀበለ ለልጃችሁ ደረጃና ምስክርነት ጽፎ እንደሚያወጣላችሁ የሚነግራችሁን ሰው ደግሞ ከአጠገባችሁ አርቁ። በሚቀጥለው በጋ ያንን ገንዘብ ለሒሳብ አስጠኚ ከፈልን፤ ኳሱን ከትምህርት ቤት ጓደኞቿ ጋር በማዘጋጃ ቤቱ ጂም በነጻ ተለማመደች፤ የተሻሻለችው በዚያ ዓመት ነው።

ዓርብ አትምጣ ባለችኝ ጊዜ አልሄድኩም። በሚቀጥለው ሳምንት ይቅርታ ጠየቅኋት፤ በእኛ ቤት አባት ልጁን ይቅርታ መጠየቅ የተለመደ አልነበረም፤ ነገር ግን ጥፋቱ የእኔ ነበር። ከዚያ በኋላ በሁለት ነገሮች ተስማማን፤ አንደኛው በመኪና ውስጥ እርሷ ካላነሣች ስለ ጨዋታው አላነሣም፤ ሁለተኛው ደግሞ ጨዋታውን በትክክል ማየት እንድማር ልታስተምረኝ ነው። እስከዚያ ድረስ የምቆጥረው ስንት ነጥብ እንዳገባች ብቻ ነበር። እርሷ ስታሳየኝ ግን ጓደኛዋ በነጻነት እንድትወረውር ቆማ ስክሪን ስትሠራ፣ ኳስ ከቅርጫቱ ሲመለስ ተጋጣሚዋን በጀርባዋ ይዛ ስታርቅ፣ የኳስ መስመር በጣቷ ጫፍ ስታበላሽ ማየት ጀመርኩ። ጨዋታው እያንዳንዳቸው 8 ደቂቃ የሆኑ አራት ክፍሎች አሉት፤ አንዲት ልጅ አምስት ፎል ስትፈጽም ትወጣለች፤ ስለዚህ በሁለተኛው ክፍል ሦስተኛ ፎል ያለባትን ልጅ አሰልጣኙ ሲያስቀምጧት ቅጣት አለመሆኑን ማወቅ ብቻውን ብዙ ንዴት ያስቀራል። ለአንድ ወር ያህል ማስታወሻ ደብተር ይዤ ነጥብን ትቼ እነዚህን ብቻ ጻፍኩ፤ ማታ ሳሳያት «ይህን አይተኸዋል?» ብላ የሳቀችውን ሳቅ አልረሳውም።

በመቀመጫ ላይ ስላለው ጠባይም ጥቂት ልበል። የሁለተኛ ደረጃ ጂም ትንሽ ነው፤ ወላጅ ሲጮህ ልጁ ትሰማለች፣ ዳኛውም ይሰማል፣ የተጋጣሚ ልጅም ትሰማለች። በመላ አገሪቱ ዳኞች ሥራውን እየተዉ መሆናቸውንና ዋናው ምክንያት የተመልካች ስድብ መሆኑን የሁለተኛ ደረጃ ስፖርት ፌደሬሽኑ ደጋግሞ ተናግሯል፤ ተሳዳቢ ወላጅም ከጂሙ ይወጣል። አሰልጣኙን ማነጋገር ካስፈለገ ብዙ ቡድኖች ከጨዋታው 24 ሰዓት እስኪያልፍ እንዲጠበቅ ይጠይቃሉ፤ «ልጄ ለምን ጥቂት ደቂቃ ተጫወተች?» የሚለውን ጥያቄ ግን አብዛኞቹ ከወላጅ አይቀበሉም፤ ልጅቷ ራሷ «ለመሻሻል ምን ላድርግ?» ብላ ስትጠይቅ ግን በደስታ ይመልሳሉ። በአማርኛ ከመቀመጫ ላይ መመሪያ መስጠትም አይገባም። አንድ ወንድማችን «ሩጪ፣ ወደ ግራ!» እያለ ሲጮህ፣ ልጁ የአሰልጣኟንና የአባቷን ትእዛዝ በአንድ ጊዜ ለመፈጸም ስትሞክር ኳሱ ሲያመልጣት በዓይኔ አይቻለሁ።

የእኛ ማኅበረሰብ ለብቻው የሚገጥመው ነገርም አለ። ወቅቱ ከኅዳር አጋማሽ እስከ መጋቢት ስለሆነ ጾመ ነቢያት፣ ገና፣ ጥምቀትና የዐቢይ ጾም መግቢያ ሁሉ በውስጡ ይወድቃሉ። ሴት ስፖርተኞች በቀላሉ የብረት ማዕድን እጥረት ስለሚደርስባቸው፣ ባለቤቴ ልጃችንን በሦስተኛው ዓመት ድካም ሲያበዛባት ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት፤ እጥረቱ ተገኘባት፤ መድኃኒት ተሰጣት። የንስሐ አባታችንን አማክረን የጾሙን ሰዓት ለእርሷ አቀለሉላት፤ ከጨዋታ በፊት በሶ በማር፣ ከጨዋታ በኋላ ምስር፣ ሽሮና ጎመን ከብርቱካን ጋር እንድትበላ አደረግን። ለአሰልጣኟም በወቅቱ መጀመሪያ የበዓላቱን ቀኖች ጽፈን ሰጠናቸው፤ ቀድሞ የተነገራቸው አሰልጣኝ ጥምቀት የቀረችን ልጅ አይቀጡም። ሙስሊም የሆኑ እህቶቻችን ደግሞ ልጆቻቸው ሒጃብ ለብሰው መጫወት እንደሚችሉ ይወቁ፤ ዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌደሬሽን በ2017 ፈቅዷል፤ በዚህ አገር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም ቀድሞ ይጠየቅ የነበረው የልዩ ፈቃድ ደብዳቤ ቀርቷል።

ስለ ጉልበት ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የፊተኛው የጉልበት ጅማት መበጠስ በሴት ልጆች ላይ ከወንዶቹ ከሁለት እጥፍ በላይ ይደርሳል፤ ማገገሚያው ከዘጠኝ ወር እስከ ዓመት ይወስዳል። ከልምምድ በፊት የሚሠራ የመዝለልና የማረፍ ማሟሟቂያ አደጋውን ይቀንሳል፤ በየቀኑ 15 ደቂቃ ያህል ነው። ወላጅ በምርጫው ሳምንት አሰልጣኙን አንድ ነገር ብቻ መጠየቅ ካለበት፣ ይህን ማሟሟቂያ ይሠሩ እንደሆነ ይጠይቅ እላለሁ፤ ስንተኛ እንደሚሆኑ ከመጠየቅ ይህ ይቀድማል። ልጃችሁ ጉልበቷ «ቷ» ሲል ሰምታ ብትወድቅ፣ ቆማ መራመድ ብትችል እንኳ፣ ያን ማታ አታጫውቷት።

ልጄ በአራተኛው ዓመት ቡድኗ በክልሉ ግማሽ ፍጻሜ ተሸንፎ ጨረሰች። በመጨረሻው የሜዳችን ጨዋታ ተመራቂ ተጫዋቾች ከወላጆቻቸው ጋር ወደ ሜዳው መሀል ሲጠሩ፣ ባለቤቴ የአገር ልብስ ለብሳ በአንድ ጎኗ፣ እኔ በሌላው ሆነን ገባን። ያን ጊዜ ቡድናችን ስንተኛ እንደነበረ ባስታውስ በነገርኳችሁ ነበር። ዛሬ በግዛቱ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ በኮሌጅ ቡድን አልገባችም፤ ማታ ማታ ከጓደኞቿ ጋር በመዝናኛ ሊግ ትጫወታለች፤ ሲያሸንፉም ሲሸነፉም ትደውላለች።

የታናሿ የሐኪም ምርመራ ቀጠሮ ለጥቅምት ተይዟል፤ ያለዚያ ቅጽ ለምርጫ እንኳ አትቀርብምና ቀጠሮው ቀደም ብሎ መያዝ አለበት። ኳሷ 28.5 ኢንች ነው። የካውንቲያችን ጨዋታ በአብዛኛው ማክሰኞና ዓርብ ስለሚሆን፣ ለእነዚያ ማታዎች ፈረቃዬን እንዲቀይሩልኝ ከአሁኑ አለቃዬን ጠይቄ ተስማምተዋል።